ብርድ ልብስ የለበሰው ንስር

መምህሩ ስለ ሙቀት የሚያውቀውን ያህል የምታውቅ ፀሐይ ብቻ ነበረች፤ እሷም ብትሆን ሥራውን ትችለው እንደሆነ እንጂ በማስረዳት ከእሱ አትደርስም። ሙቀት ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ ሲያስተምር ግማሽ ዕድሜው በጥቁር ሰሌዳ ፊት አልቋል። ድምፁ ደግሞ ለአንድ ክፍል የተሠራ አይደለም። እሱ አንዱን ክፍል ሲያስተምር በግራና በቀኝ ያሉት ክፍሎች ሳይፈልጉ ፊዚክስ ይማራሉ፤ ጎረቤቱ የታሪክ መምህርት አንድ ቀን ስለ ነገሥታት እያወራች ድንገት ስለ ብረት መስፋፋት መናገር ጀምራ ተማሪዎቿ በግድ አስቆሟት ይባላል።

ተማሪዎቹ ያወጡለት ስም «ብርድ የለም» ነው። ዓመቱ በተጀመረ ቁጥር ገብቶ፣ ጠመኔውን እንደ ጎራዴ መዞ፣ «ልጆች፣ ብርድ የሚባል ነገር የለም!» ይላል። «ያለው ሙቀት ብቻ ነው። ሙቀት ሲሄድ የቀረውን ባዶ ቦታ ብርድ ብለን ጠራነው እንጂ ብርድ ራሱ መጥቶ አያውቅም። አይገባም፣ አይወጣም፣ ማንንም አይመታም!»

ይህን ሁሉ የሚለው ሁለት ሹራብ ደርቦ፣ አልጋ የሚያለብስ ሻርፕ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ነው።

«ቲቸር፣ ብርድ ከሌለ ሻርፑ ለምንድነው?» ይላል አንዱ ከኋላ።

«ሙቀቴ ጥሎኝ እንዳይሄድ!»

ክፍሉ በሳቅ ሊፈርስ ይደርሳል። እሱም ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቆ የታወቀውን ጥያቄውን ያመጣል። ሰሌዳው ላይ ሁለት እኩል የበረዶ ቁራጭ ይስላል። አንዱን ክፍቱን ይተወዋል፤ ሌላውን በጠመኔ ጭረት ጠቅልሎ «ይኸኛው ወፍራም ብርድ ልብስ ለብሷል» ይላል። «ቶሎ የሚቀልጠው የትኛው ነው?»

«የለበሰው!» ይላል ክፍሉ በአንድ አፍ። አንድም ዓመት ሌላ መልስ ተሰምቶ አያውቅም።

«አይደለም! ብርድ ልብስ ምድጃ ነው እንዴ? ከራሱ የሚያመነጨው ሙቀት የለውም። ሥራው በር መዝጋት ነው። ውስጡ ሰው ካለ ሙቀቱን አያስወጣም፤ ውስጡ በረዶ ካለ የውጭውን ሙቀት አያስገባም። ክፍቱን ያለው ነው ቶሎ የሚቀልጠው!»

ልጆቹ ይጽፋሉ፤ በፈተና ላይም አሳምረው ይመልሳሉ። እሱ ግን ከፈተናው በኋላ በኮሪደር ሲያልፍ፣ መቶ ከመቶ ያገኘችው ልጅ ጓደኛዋን «ኧረ ውሃሽን በሹራብ አትጠቅልይው፣ ይሞቅብሻል» ስትል ይሰማል። የዚያን ዕለት ራት አይበላም።

«ከአንገታቸው በላይ ነው የሚማሩት!» ይላል ለባለቤቱ። «ሆዳቸው ድሮ የያዘውን እንደያዘ ነው። እኔ የማስተምረው ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። እንዴት ሰው የሚያውቀውን አያምንም?»

ማንም ጠይቆት ስለማያውቅ ለማንም ያልነገረው አንድ ነገር ነበር። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም ቀን በረዶ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አያውቅም። ትምህርት ቤቱ ማቀዝቀዣ የለውም። በረዶውም ብርድ ልብሱም ጠመኔ ነበሩ።

ባለቤቱ የምትሠራው በትልቅ ሆቴል ማእድ ቤት፣ ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ነው። ሰላጣ የምታሰናዳው፣ ፍራፍሬ የምትቀርጸው እሷ ናት። ካሮት እጇ ከገባ አበባ ሳይሆን አይወጣም፤ አንዴ ከሐብሐብ የቀረጸችውን ጽጌረዳ ንብ መጥታ አርፋበታለች፣ ያየ ሰው አለ። ዋናው ሼፍ ጡረታ ሲወጡ ቦታቸው ክፍት ሆነና ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ እንዲህ አላት፦ «ቅዳሜ ትልቅ የምሳ ግብዣ አለ። መሀል ጠረጴዛው ላይ እንግዳ ሁሉ ቆሞ የሚያየው ነገር አምጪልኝ። ምሳ ሲጀመር ከቆመ ቦታው ያንቺ ነው። ካልቆመ ግን ሰው ከሌላ ሆቴል ማምጣቴ ነው፤ በኋላ እንዳትቀየሚኝ።»

እሷም ንስር ላቆምልህ አለች። ክንፉን የዘረጋ፣ የሕፃን ልጅ ቁመት ያለው፣ ወለል ብሎ የሚታይ የበረዶ ንስር። የሆቴሉ ማቀዝቀዣ ስለማይበቃው ከከተማው ማዶ ባለ በረዶ ፋብሪካ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ቀረጸችው። ማታ ማታ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ጣቶቿ አልታዘዝ ብለዋት ትመጣለች።

«አሞራሽ ገና አልበረረም?» ትላታለች እናቷ።

«ንስር ነው እማዬ።»

«ሄዶ ሄዶ ያው አሞራ ነው።»

እኚህ እናት ከእነሱ ጋር ነው የሚኖሩት። ከመምህሩ ጋር በፍቅር ይጣላሉ፤ የጠባቸውም ምክንያት መስኮት ነው። እሳቸው «ዝጋው፣ ብርድ ይገባል» ይላሉ፤ እሱ «ብርድ አይገባም እማማ፣ ሙቀት ነው የሚወጣው» ይላል፤ እሳቸው «እንግዲያው የሚወጣውን ዝጋው!» ይላሉ። ቅዳሜ ጠዋትም ይኸንኑ ሲባባሉ ነበር ስልኩ የጮኸው።

«ስማኝ፣ ጉድ ሆኛለሁ!» አለች ባለቤቱ። ድምፅዋ ተቆራርጧል። «የፋብሪካው ማቀዝቀዣ መኪና አልነሳ አለ። ሹፌሩ ከሥሩ ገብቶ አልወጣ ብሏል። ንስሩ ቆሞ ያየኛል፣ ውጪው ይነዳል፣ ምሳ ሊደርስ ነው። በምን ልውሰደው?»

መምህሩ ሳያስብ አፉን ከፈተ፤ የወጣውም ዘመኑን ሙሉ ሲል የኖረው ነው። «በብርድ ልብስ!»

«ምን?»

«ጠቅልለን በኛ መኪና እናደርሰዋለን። አንቺ አትነካኪው፣ መጣሁ!»

ስልኩን ዘግቶ ዞር ሲል አማቱ ወገባቸውን ይዘው ቆመዋል። በዚያ ቤት ውስጥ ብርድ ልብስ የሚባል ብርድ ልብስ አንድ ብቻ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። የእሳቸው ነው። ቀይ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ውፍረቱ ፍራሽ የሚያስንቅ፣ ክብደቱ ከሥሩ የተኛ ሰው ሳይታገል የማይነሳበት። ሲታጠብ ለመጭመቅ የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ይጠራል።

«የኔን?» አሉ። «ለበረዶ?»

«ለአንድ ቀን ነው እማማ።»

«ቀኑ አይደለም የከነከነኝ። ልጄ ያን ያህል ለፍታ የሠራችውን አሞራ ልትቀቅላት ነው ወይ? በዚህ ፀሐይ? እኔ እንኳን ከሥሩ ገብቼ በውድቅት ያልበኛል!»

«የሚያልብዎት እርስዎ ሙቀት ስላለዎት ነው። በረዶ ምን ሙቀት አለው? ስሙንስ ለምን ብርድ ልብስ አሉት መሰለዎት? ሙቀት ልብስ አላሉትም እኮ! ብርድ ልብስ፤ ብርድ ራሱ የሚለብሰው ልብስ። በረዶ ደግሞ የብርድ ሁሉ አለቃ ነው። ልብሱ የሱ ነው፤ እኛ ነን ተውሰን የኖርነው።»

የአማቱ ዓይን ጠበበ። «ቆይ፣ ብርድ የለም ስትል አልነበር? ዛሬ ደግሞ አለቃ አገኘህለት?»

መምህሩ ባለ በሌለ ድምፁ ሳቀ፤ መስኮቱ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። እሳቸው ግን ቀዩን ብርድ ልብስ ከአልጋቸው ገፈፉ፣ አጣጥፈው ታቀፉት፣ ነጠላ ጫማቸውን አጠለቁና ቀድመውት ወደ መኪናው ወጡ።

«የት ነው እማማ?»

«ብርድ ልብሴ የሄደበት ነዋ!»

ፋብሪካው በር ላይ ሲደርሱ የቆመውን መኪና ከበው ሠራተኛው ሁሉ አማካሪ ሆኗል። ሹፌሩ ግንባሩ ላይ ግሪስ ተለቅልቆ ወጣ። መፍትሔ ነበረው።

«እህቴ፣ የጓደኛዬ ፒክአፕ አለ፣ ክፍት ናት። ከኋላ እናቆመውና እኔ አበራታለሁ። ነፋሱ ራሱ እያቀዘቀዘ ያደርስልሻል።»

«እውነቱን ነው፣ ነፋስ!» አለ አንዱ። «ነፋስ ነው የሚያዋጣው» አለ ሌላው። ሁሉም ነፋስ ሆኑ።

«ነፋስ ነው የሚጨርሰው!» ብሎ መምህሩ ጮኸ፤ ግቢው ውስጥ የነበሩ ርግቦች ተነስተው ተመልሰው አልመጡም። «የሚነፍሰው እኮ የሞቀ አየር ነው! በየሰከንዱ አዲስ ሙቀት እያመጣ የሚያራግፍበት! በረዶው በብርድ ልብስ ይጠቅለል!»

ሹፌሩ መጀመሪያ ብርድ ልብሱን፣ ቀጥሎ መምህሩን አየ። በትሕትና፣ ለታማሚ በሚነገርበት ድምፅ «ጋሼ፣ ይሞቀዋል እኮ» አለው።

ባለቤቱ በመሀል ቆማለች። እጆቿ በመሮ ተሰነጣጥቀዋል። ስንት ማታ የተንቀጠቀጠችበት፣ ዕድሜዋን ሙሉ በሌላ ሰው ስም የሚወጣ ሳህን ስታሰናዳ ኖራ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሟ የሚቆም ነገር ከኋላዋ በነጭ ጭስ ውስጥ ክንፉን ዘርግቷል። ነፋስ ያሉት ብዙ ናቸው። ብርድ ልብስ ያለው አንድ ሰው፣ እሱም በጠራራ ፀሐይ ሻርፕ ያደረገ።

«እርግጠኛ ነህ?» አለችው ቀስ ብላ።

«የምድር ስበት ላይ ከምሆነው በላይ!»

«በቃ ጠቅልሉት» አለች።

በጣውላ ላይ እንደቆመ በላስቲክ አልብሰው፣ ከላይ ቀዩን ብርድ ልብስ ደርበው፣ በገመድ አስረው የመኪናውን የኋላ ወንበር አጥፈው አስገቡት። ንስሩ ያኮረፈች ባልቴት መሰለ። አማትየው ከጎኑ በቀረችው ቦታ ተሸጉጠው ተቀመጡና አንድ እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አደረጉ። ጉዞ ተጀመረ።

ያን ዕለት የነበረው ሙቀት በሙቀት መለኪያ የሚለካ አልነበረም። አስፋልቱ ጫማ ይዞ ያስቀራል፣ የመብራት እንጨቶች ጥላቸውን ስበው ከሥራቸው ተደብቀዋል። እስከ ድልድዩ ድረስ ደህና ሄዱ። ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ግን በዓለም ላይ ያለ መኪና ሁሉ ቀጠሮ የያዘ ይመስል አንድ ላይ ቆሞ አገኙት። አንድ የጭነት መኪና መሀል ላይ ተበላሽቷል።

ጠበቁ። ንቅንቅ የለም። «ትራፊኩን ለምኜ በጎን የሚያሳልፈን እንደሆነ ልየው» ብላ ባለቤቱ በሩን ከፈተች። አንድ እግሯን አውጥታ ወደ ኋላ ዞረች። «ብርድ ልብሱን እንዳትነኩት።»

«ማን ይነካዋል?» አለ መምህሩ፤ ስድብ የተሰደበ መሰለው።

ሄደች። መኪናው ውስጥ ሦስቱ ቀሩ፤ መምህሩ፣ አማቱና ንስሩ። ጥቂት ቆይቶ አማትየው ነጠላ ጫማቸውን አነሱ።

«እግሬ ረጠበ» አሉ።

መምህሩ ዞር አለ። ከቀዩ ብርድ ልብስ ሥር ቀጭን ውሃ ተስቦ ምንጣፉ ላይ እየተጠራቀመ ነው።

ጭንቅላቱ ወዲያው መልስ ሰጠ። በረዶ ነው፣ ትንሽ ውሃ ይኖረዋል። ብርድ ልብስ ያዘገየዋል እንጂ ጨርሶ አያስቆመውም። መልሱ ትክክል ነበር፤ ተማሪ ቢጽፈው ሙሉ ነጥብ ይሰጠዋል። ከአንገቱ በታች ያለው ግን አልሰማም። ያን ወፍራም ቀይ ሱፍ ሲያየው ላብ ላብ አለው፤ ልጅ ሆኖ ከእንዲህ ያለው ሥር ተሸፋፍኖ በትኩሳት የተቃጠለበት ሁሉ ትዝ አለው።

«ላብ በላብ ሆናለች» አሉ አማቱ። «ታፍና ነው፣ ምስኪን።»

«በረዶ አያልበውም እማማ።»

«ታዲያ ይኸ ምንድነው? እንባ ነው?»

«እማማ፣ ሙቀት ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ነው የሚሄደው። ብርድ ልብሱ…» ብሎ ጀመረ፤ ያ ሦስት ክፍል የሚያስተምረው ድምፅ ግን ለራሱ እንኳ አልደርስ አለው። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ውሃው አንድ ጣት ያህል ወደፊት ተሳበ።

«ትንሽ ገለጥ አድርግላት፣ ትተንፍስ።»

«አይሆንም!»

«ለማየት ያህል ብቻ።»

ለማየት ያህል። ሳይንስ ማለት ማየት አይደለም እንዴ? መምህሩ ወደ ኋላ ተንጠራራ። እጁ ገመዱን ሲፈታ አየው፤ የራሱ እጅ መሆኑን የሚያውቀው ከሰዓቱ ነው። በቀኝ በኩል ብርድ ልብሱንና ላስቲኩን ገለጠ። ቀኙ ክንፍ ወጣ፤ እያንዳንዱ ላባ በየቦታው፣ ጫፉ እንደ ወረቀት ስስ፣ ብርሃኑ ውስጡ እየተጫወተ። ቀዝቃዛ እስትንፋስ ፊቱን ዳሰሰው። ምንም አልሆነም!

«አየህ?» አሉ አማቱ። «አየር ሲያገኝ እንዴት ደስ አለው!»

አሁን መሸፈን ነበረበት። መሸፈን እንዳለበት ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ በምድር ላይ አልነበረም። እጁ ግን ብርድ ልብሱን ይዞ ቀረ። ያን የመሰለ ቀዝቃዛ ነገር፣ በዚህ ቃጠሎ መሀል፣ ሱፍ ውስጥ መልሶ መክተት ሕፃን ምጣድ ላይ እንደማስቀመጥ ሆነበት። ትንሽ ይቆይ፣ አለ። አማትየው ከወንበሩ ኪስ አንድ ካርቶን አገኙና ክንፉን እፍ፣ እፍ ያራግቡት ጀመር። መምህሩ አየ፤ አልከለከለም። እንዲያውም፣ ታሪክ ይፍረደውና፣ መስኮቱን ከፈተላቸው።

ጠብ፣ አለ ክንፉ። ጠብ። ጠብ፣ ጠብ። ከዚያ ጠብታዎቹ መሀላቸው ጠፍቶ አንድ ክር ሆኑ። የላባዎቹ ጠርዝ ተላሰ። ጫፉ ሳሳ፣ ሳሳ፣ መስታወት መሰለ፣ ምንም መሰለ። ቀጭ! የክንፉ ጫፍ ተቆርጦ የአማትየው ጭን ላይ ወደቀ።

«ውይ ልጄን!» አሉ።

በዚሁ ቅጽበት የፊተኛው በር ተከፈተ። «ያሳልፈናል! በጎን ግቡ ብሎናል፣ ቶሎ…» ብላ ባለቤቱ አልጨረሰችም። የተፈታውን ገመድ አየች። ካርቶኑን አየች። እናቷ ጭን ላይ ያለውን የበረዶ ቁራጭ አየች። መጨረሻ ላይ ባሏን አየችው።

በወንበሮቹ መሀል ተሳበች፣ ላስቲኩን መለሰች፣ ብርድ ልብሱን እስከ ጫፉ ሳበች፣ ገመዱን በጥርሷ ጠበቅ አድርጋ አሰረች።

«አንተ አልነበርክ እንዴ ያልከኝ?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ምን ነካህ?»

መምህሩ ብዙ ሊል ይችል ነበር። «እጄ አላመነኝም» አለ።

«እኔ አንድ ነገር ልንገርህ» አለች ቀበቶዋን እያሰረች። «ስለ ሙቀትህ ያልከው አንዱም አልገባኝም። ለኔም ነፋሱ ይሻላል ነበር የመሰለኝ፤ አሁንም ሆዴ እንደዚያ ነው የሚለኝ። የሸፈንኩት ግን አንተ በየዓመቱ ራት እየተውክ ስትናደድለት ስላየሁ ነው። ሰው ለውሸት ያን ያህል ራት አይተውም። በል ንዳ!»

ነዳ። እንዴት እንደነዳ የሚያውቁት ከድልድዩ እስከ ሆቴሉ ያሉ ውሾች ናቸው፤ ዛሬም ድረስ ያቺን መኪና ሲያዩ መንገድ ይለቃሉ። ከኋላ አማትየው ብርድ ልብሱን በሁለት እጃቸው አቅፈው፣ ጉንጫቸውን ለጥፈውበት ይሄዳሉ።

የሆቴሉ ማእድ ቤት በር ላይ እቃ አጣቢው ሳይቀር ወጥቶ ተቀበላቸው። ንስሩን ተሸክመው አዳራሹ መሀል ካለው ትልቅ ጠረጴዛ ላይ አቆሙት። ወንበሮቹ ተደርድረዋል፣ እንግዶቹ ከውጭ በረንዳው ላይ ሲያወሩ ይሰማል። ባለቤቱ ገመዱን ፈታች፤ መምህሩ ግድግዳ ተደግፎ ዓይኑን ጨፈነ። ብርድ ልብሱ ሲወርድ ሰማ።

«ና እየው» አለችው።

ዓይኑን ገለጠ። ግራው ክንፍ እንደተቀረጸ ነው። እንደ ወረቀት የሳሳው ጫፍ፣ በመርፌ የተጫረው የላባ መስመር፣ አንዱም አልተነካም። ምንቃሩ ሹል፣ ደረቱ ሙሉ። ቀኙ ክንፍ ግን ከመሀሉ ወዲያ የለም፤ የቀረውም የተላሰ ከረሜላ መስሏል። ያው በረዶ፣ ያው መኪና፣ ያው ሙቀት። አንዱ ለብሷል፣ አንዱ አልለበሰም። ዘመኑን ሙሉ በጠመኔ ሲስለው የኖረው ጥያቄ ክንፍ አውጥቶ ፊቱ ቆመ፤ መልሱንም ራሱ በገዛ እጁ ሠርቶት ነበር። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«እውነት ነው እንዴ!» አለ። «እውነት ነው!»

«አሁን ነው ያወቅከው?» አለች ባለቤቱ። መሮዋን ከከረጢቷ አውጥታለች። አንገቷን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጋ ቀኙን ክንፍ ትመለከተው ጀመር፤ ካሮት አበባ ከመሆኑ በፊት የምታይበት አስተያየት ነው። «ዝም በሉኝ» አለች። መሮው ተንጫጫ፣ በረዶው እንደ ጨው በነነ። የተላሰውን አነሳች፣ የቀረውን ወደ ጎን የታጠፈ አስመስላ ቀረጸችው፣ ላባ በላባ ላይ ደረበች፣ ጭንቅላቱንም ጠርባ በትንሹ ወደዚያው የዞረ አስመሰለችው። የተቆረጠው ክንፍ የተሰበሰበ ክንፍ ሆነ። ንስሩ አሁን አይበርም፤ ከሩቅ መጥቶ፣ አንዱን ክንፍ ሰብስቦ፣ ሌላውን ሊሰበስብ ነው።

በሩ ተከፈተ። ሥራ አስኪያጁ እንግዶቹን አስከትሎ ሲገባ መሮው የአማትየው ጉያ ውስጥ ገብቶ አልቋል። ሰውየው ንስሩን ዞረው፤ አንዴ፣ ደግሞ በሌላ በኩል።

«ክንፉን የዘረጋ ነበር ያልሽኝ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ይኸ ሊነሳ ነው ወይስ እያረፈ?»

ባለቤቱ ወደ ባሏ አየች፤ ባሏ የዓለምን ሸክም በሻርፑ ውስጥ ሊደብቅ ይሞክራል።

«እያረፈ ነው» አለች።

ሥራ አስኪያጁ ራሱን ነቀነቀ። «የሚበር ንስር ሌላም ሆቴል አይቻለሁ። የሚያርፍ አላየሁም።» ወደ እንግዶቹ ዞሮ «የሠራችው የማእድ ቤታችን አዲሷ ሼፍ ናት» አላቸው።

እንግዶቹ አጨበጨቡ፤ ጭብጨባው ጣሪያውን አንስቶ መልሶ ክዳን አደረገው። ባለቤቱ ከጠዋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። መምህሩ እንባው ሲመጣ በሻርፑ ጠረገ። ነፍሱ መለስ አለች። አማትየው ደግሞ በአንድ ጊዜ የአዳራሹ አስተናጋጅ ሆነው የአንዲት እንግዳ ክርን ይዘው «አየሽው? ያዳነው የኔ ብርድ ልብስ ነው! ከጫፍ እስከ ጫፍ!» ሲሉ ተሰሙ። ስለ ካርቶኑ ምንም አልተናገሩም።

አመሻሽ ላይ ሦስቱ ወደ ቤት ሲመለሱ መንገዱ ባዶ ነበር፤ ሙቀቱም ተንፍሷል። ባለቤቱ ከፊት ጫማዋን አውልቃ እግሯን አጥፋ ተቀምጣለች። ከኋላ አማትየው እርጥቡን ብርድ ልብስ ታቅፈዋል።

«እስካሁን ይቀዘቅዛል» አሉ እየዳበሱት። «ያልከው እውነትህን ነው መምህር። ለብሶታል፣ ብርዱ።»

መምህሩ አፉን ሊከፍት ነበር። ብርድ የሚባል ነገር የለም፣ የሱፉ ውሃ ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው፣ ሊል። ሁሉንም ያውቀዋል። ባለቤቱ ከጎኑ በዓይኗ ጭራ እያየችው ፈገግ አለች።

«ሰኞ ልጆቹን ምን ልትላቸው ነው?»

«በረዶ ይዤላቸው ልገባ ነው» አለ። «በእጃቸው ይሸፍኑት። መሸፈን ካቃታቸውም ማንንም አልሰድብ። አብሬያቸው ቆሜ እጃቸውን እይዛለሁ።»

«ያንተንስ ማን ይይዘዋል?»

«አንቺ አለሽ አይደል?»

ከኋላ ጉሮሮ ተጠረገ። «ምነው እናንተ፣ መስኮቱን ዝጋው እንጂ፣ ብርድ እየገባ ነው!»

መምህሩ በመስታወቱ አያቸው። ደረቱ ውስጥ ያ የታወቀ መልስ ተነሳ፣ እስከ አንገቱ መጣ፣ እዚያ ሻርፑ ያዘው። እጁን ሰደደና መስኮቱን እስከ ላይ ዘጋው። ለእውነቱ፣ እሱም በርዶት ነበር።